ጥግ የሌለው ወፍራም ፊደል፦ የኩፐር ብላክ ጉዳይ

ኮምፒውተራችሁ ላይ ኩፐር ብላክ የሚባለው ፎንት ካለ ትልቁን የላቲን «ኦ» ጻፉና መሃሉን እዩት። ቀዳዳው ቀጥ ብሎ አልቆመም። ወደ ኋላ ጋደል ብሏል። የውጪው ቅርጽ ድቡልቡል ነው። ውስጡ ግን ወንበር ላይ ተደላድሎ ወደ ኋላ እንደተንጋለለ ሰው ዘንበል ያለ ነው። ቀጥሎ ትንሿን «ኤል» ጻፉና እግሯን እዩ። በማስመሪያ የተሰመረ ነገር የላትም። ጫፏ ሁሉ ወንዝ ውስጥ ብዙ ዘመን እንደተንከባለለ ድንጋይ ለስልሷል። የትንሿ «አይ» ነጥብም ሞላላ ናት።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይሄ ኩፐር ብላክ የሚባለው አንድ ፊደል ነው። (እዚህ «ፊደል» ስል ብዙ ጊዜ ሙሉውን የፊደል ዓይነት፣ ፎንቱን ማለቴ ነው።) ቺካጎ ውስጥ በ1922 ለገበያ ወጣ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ የኅትመት ሥራ ከእርሳስ ብረት ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ኮምፒውተር ሄዷል። ንባቡም ከወረቀት ወደ ስልክ ተሻግሯል። በየሽግግሩ ብዙ ፊደል ወድቆ ቀርቷል። ኩፐር ብላክ ግን ዛሬም የአየር መንገድ ስም ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ የምግብ እሽግ ላይ አለ።

ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው «ደስ ስለሚል ነው፣ የድሮ ነገር ስለሚያስታውስ ነው» ይላችኋል። እውነት ነው፣ ደስ ይላል። ግን እኔ በዚህ መልስ አልረካም። ደስ የሚሉ ስንትና ስንት ፊደሎች ጠፍተዋል። ለእኔ ዋናው ነገር ልስላሴው ጌጥ ብቻ አለመሆኑ ነው። ልስላሴው የማተሚያ ቤት ችግር የሚችል አካል ነበር። ጌጡና ችግር መቻሉ አንድ ላይ ስለተሠሩ ነው ፊደሉ የቆየው።

ሥዕል ሊማር ሄዶ

ኦስዋልድ ብሩስ ኩፐር በ1879 ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ተወለደ። ያደገው ግን ካንሳስ ውስጥ፣ ኮፊቪል በምትባል ከተማ ነው። የሚያውቁት ሰዎች ኦዝ ይሉት ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋርጦ ማተሚያ ቤት ገባና ከታች ጀምሮ ሥራ ለመደ። ከዚያ ወደ ቺካጎ ሄደ። የሄደው ሠዓሊ ለመሆን ነው። የገባበትም የፍራንክ ሆልም የሥዕል ትምህርት ቤት ነበር።

እዚያ ሲደርስ ሥዕሉ እንደማይሆንለት ገባው። ግን በዚያው ትምህርት ቤት የፊደል አጻጻፍ የሚያስተምር አንድ ሰው ነበር። ፍሬደሪክ ጉዲ ይባላል። በኋላ ከአሜሪካ ታላላቅ የፊደል ቀራጮች አንዱ የሆነው ጉዲ ነው። ሌላው የዘርፉ ትልቅ ሰው ዊሊያም አዲሰን ድዊጊንስም ከእሱ ሥር ነው የተማረው። ኩፐር ቦታውን ያገኘው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ይቺን አስተማሪና ተማሪነት ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በ1904 ኩፐር ከፍሬድ በርትሽ ጋር ሆኖ «በርትሽ ኤንድ ኩፐር» የሚባል ድርጅት ከፈቱ። በርትሽ ደንበኛ ያመጣል፣ ኩፐር ይሠራል። ሥራቸው ማስታወቂያ ነበር። ርዕስ በእጅ ይጻፋል፣ ገጽ ይቀናበራል፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ፊደል መልቀሙም፣ ማለትም የብረት ፊደሎችን እየለቀሙ ጽሑፍ መደርደሩም፣ ተጨመረ። ኩፐር ለፓካርድ መኪና ማስታወቂያ በእጁ የጻፈው ፊደል በጣም ከመወደዱ የተነሳ፣ የአሜሪካ ትልቁ የማተሚያ ፊደል አምራች በ1913 የእርሳስ ፊደል አድርጎ አውጥቶታል። ስሙንም «ፓካርድ» አለው።

ይሄ ነገር ቀላል አይደለም። አንድ ሰው በብሩሽና በብዕር ለአንድ ደንበኛ የጻፈው፣ ማንም አታሚ ከመሳቢያው አውጥቶ የሚደረድረው ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ችግሩ ምን ነበር?

በዚያ ዘመን የማስታወቂያ ርዕስ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእጅ የተጻፈ ነው። ያምራል፣ ሕይወት አለው። ግን እያንዳንዱ ርዕስ አንድ ሥዕል ነው። ደንበኛው አንዲት ቃል ልቀይር ካለ እንደገና ከዜሮ ይሣላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ገንዘብም ይፈልጋል። ትልልቅ ኩባንያዎች ይችሉታል። የሠፈር ማተሚያ ቤት ለጫማ መደብር በራሪ ወረቀት ሲያትም ግን አይችለውም።

ሁለተኛው ዝግጁ የእርሳስ ፊደል ነው። ርካሽና ፈጣን ነው። ግን በወቅቱ የነበሩት ወፋፍራም ፊደሎች አብዛኛዎቹ ደረቅ ነበሩ። ብዙዎቹ የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለንደን ውስጥ በዚያ ክፍለ ዘመን መባቻ «ፋት ፌስ» የሚባል ስልት መጥቶ ነበር። ዘዴው ወፍራሙን መስመር ማሳበጥ፣ ቀጭኑን ደግሞ እንደ ክር መተው ነው። ከሩቅ ያስደነግጣል። ቀረብ ብላችሁ ስታነቡት ግን ዓይን ያደክማል። ክሩ ደግሞ በማተሚያው ግፊት ይለብሳል፣ ይሰበራል። ርካሽ ወረቀት ላይም ይጠፋል።

ቺካጎ ውስጥ «ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር» የሚባል ፊደል አቅልጦ የሚያወጣ ድርጅት ነበር። በ1911 ያ ትልቁ አምራች፣ አሜሪካን ታይፕ ፋውንደርስ፣ ገዝቶት ነበር። ነገር ግን በስምምነቱ መሠረት ባርንሃርት ለ20 ዓመታት በራሱ ስም ይሠራ ነበር። የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ ሪቻርድ ማክአርተር የኩፐርን እጅ ያውቃል። ኩፐርን ቤተሰብ ያለው፣ ማለትም በተለያየ ውፍረትና መልክ የሚወጣ ፊደል እንዲሠራ ያግባባው እሱ ነው። መጀመሪያ የወጣው መደበኛው፣ ቀጠን ያለው ነው። ይሄኛው በ1919 ገደማ ወጣ፤ ኩፐር ኦልድስታይል በሚለው ስሙ ይታወቃል። እሱም ጫፉ የተድበለበለ ነበር። ወፍራሙ ወንድሙ በ1922 ተከተለ።

«ብላክ» የሚለው ስም ግር እንዳይላችሁ። በፊደል ሙያ ቃሉ የሚያመለክተው ውፍረትን ነው። ከቦልድ በላይ የሆነ ውፍረት ማለት ነው።

እጁ ምን ሠራ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው።

ፊደል ማወፈር ቀላል ይመስላል። መስመሩን ወፈር ማድረግ ነዋ! ግን ሞክሩት። ወደ ውጪ ካወፈራችሁት ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ወደ ውስጥ ካወፈራችሁት ቀዳዳው ይዘጋል። ቀዳዳው ከተዘጋ ደግሞ «ኤ» (a) እና «ኢ» (e) አንድ ዓይነት ጥቁር ኩሬ ይሆናሉ። አንባቢ ፊደልን የሚለየው በጥቁሩ ብቻ አይደለም። በነጩም ነው። እንዲያውም ፊደሉ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ሥራው ሁሉ ወደ ነጩ ይዞራል።

ኩፐር ያደረገው ይሄን ነው። ትንንሾቹን ፊደሎች ከትልልቆቹ አንጻር ከፍ አደረጋቸው። አካላቸውንም ሰፋ አደረገው። ወደ ላይ የሚወጣውንና ወደ ታች የሚወርደውን ክንድ አሳጠረ። በዚህ መንገድ ለሆዱ ቦታ ተገኘ። ቀዳዳዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ግን አንዳቸውም በአጋጣሚ የቀሩ አይደሉም። እያንዳንዱ ነጭ ነጥብ ራሱን የቻለ ቅርጽ አለው። ደግሞም ወፍራሙና ቀጭኑ መስመር ብዙ አይራራቁም። እንደ ፋት ፌሱ ክር የለም። ቀጭኑም ሥጋ አለው።

የ«ኦ» መጋደልስ? እሱ የቆየ ትዝታ ነው። ሰፊ አፍ ያለው ብዕር ጋደል አድርገው ይዘው ክብ ሲጽፉ፣ ቀጭኑ ቦታ ልክ ከላይና ከታች አይወድቅም። ከዚያ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ የውስጡ ቀዳዳ የተጋደለ ይመስላል። ኒኮላ ዤንሰን በ1470 ቬኒስ ውስጥ ባተመበት ፊደል ላይ ይሄ የእጅ አሻራ ይታያል። ከዚያ በኋላ ባሉት ክፍለ ዘመናት ብረት ቀራጮች እያቃኑት ሄዱ። የፋት ፌሱ «ኦ» ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ኩፐር ግን በሚችለው ሁሉ አወፍሮም የእጁን ጋደልታ አልተወም። ፊደሉ ያን ያህል ከባድ ሆኖ ሰው የጻፈው የሚመስለው በዚህ ነው። አንድ ሰው ጮክ ብሎ እየሳቀ ሲያወራ እንደመስማት ነው።

አሁን ወደ ጫፎቹ። ሰሪፍ ማለት በፊደሉ ግንድ ጫፍ ላይ የምትታይ ትንሽ እግር ናት። በአብዛኛው ሹል ወይም ጠፍጣፋ ትሆናለች። ኩፐር ብላክ ላይ ግን እግሯ ከግንዱ ጋር ተዋህዳ ድቡልቡል ሆናለች። ይሄ በዓይን ሲታይ ሙቀት ይሰጣል። ማተሚያ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው።

በእርሳስ ፊደል ስታትሙ ቀለም የተቀባው ብረት ወረቀቱን ይጫናል። ሲጫን ቀለሙ ከፊደሉ ጠርዝ ትንሽ ወደ ውጪ ይፈሳል። ሹል ጥግ ያለው ፊደል በዚህ ጊዜ ይበላሻል። ጥጉ ይደበዝዛል፣ ውስጠኛው ጥግ ደግሞ በቀለም ይሞላል። በጋዜጣ ወረቀት ላይማ ይብሳል፤ ወረቀቱ ራሱ ቀለም መጣጭ ነው። ዲዛይነሩ የሣለውና አንባቢው የሚያየው ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ይሆናሉ። ኩፐር ብላክ ግን ቀድሞውኑ ተድበልብሏል። ቀለሙ ሊያበላሽ የሚመጣበትን ቦታ ኩፐር አስቀድሞ በእጁ ለስላሳ አድርጎታል። ትንሽ ቀለም ቢፈስ ምን ይለወጣል? ምንም። ያረጀ ማሽን ላይ ቢታተም ጫፉ ያው ራሱ ነው።

ኩፐር ስለዚህ ፊደል የተናገረው ተብሎ የሚጠቀስ አንድ ንግግር አለ። «ሩቅ ለሚያዩ አታሚዎች፣ ሩቅ ማየት ለተሳናቸው ደንበኞቻቸው» የሚል ነው። ንግግሩ የማስታወቂያ ለዛ አለው፤ ግን ደስ ብሎኝ የማነበው እውነት ስላለበት ነው። ፊደሉን ሲሠራ በመንገድ የሚያልፈውን ሰውም አስቦ ነበር። ቀለም የሚቀባውን ሠራተኛም አስቦ ነበር።

ጉድለትም ነበረበት፤ እሱን መደበቅ አልፈልግም። ይህን የሚያህል ጥቁር ቦታ ብዙ ቀለምና ጥሩ ግፊት ይፈልጋል። ደካማ ማሽን ላይ መሃሉ ነጣ ነጣ ይላል። ደግሞ ክብ እግር ያለው ፊደል መስመር ላይ እኩል ቆሞ እንዲታይ ትንሽ ከመስመሩ በታች መውረድ አለበት። ዓይን ክብን ከእውነተኛ መጠኑ አሳንሶ ነው የሚያየው። ኩፐር ብላክ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ክብ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ረግጦ የቆመ ሳይሆን ተንሳፍፎ የሚወዛወዝ ይመስላል። ለአይስክሬም ማስታወቂያ ይሄ ጸጋ ነው። ለፍርድ ቤት ማስጠንቀቂያ ግን አይሆንም።

ተሸጠ፣ ተሰደበ፣ ተቀዳ

ፊደሉ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። ባርንሃርት በታሪኩ እንደ ኩፐር ብላክ የሸጠው ፊደል የለም። ኢታሊኩ (ዘንበል ያለው)፣ ጠበብ ያለው፣ በውስጡ ነጭ የብርሃን መስመር ያለው ኩፐር ሃይላይት በተከታዮቹ ዓመታት ተጨመሩ። የ1920ዎቹን የአሜሪካ ማስታወቂያ ስታገላብጡ ይሄን ፊደል ወይም ዘመዱን ሳታዩ ብዙ ገጽ አትሄዱም።

ወግ አጥባቂ አታሚዎች ተናደዱ። «ጥቁሩ ስጋት» የሚል ስም አወጡለት። ጨዋ ገጽ ማለት ለእነሱ ቀጭን፣ የተረጋጋ፣ ብዙ ነጭ ቦታ ያለው ነው። ቅሬታቸው ከንቱ ነበር ብዬ አላልፈውም። አንድ ጋዜጣ ገጽ ላይ ስምንት ማስታወቂያ ሁሉም በኩፐር ብላክ ከጮኸ ማንም አይሰማም። ግን ጥፋቱ የፊደሉ ነው ወይስ የተጠቃሚው? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ተፎካካሪዎቹ ከመናደድ ይልቅ ሥራ ጀመሩ። እዚያው ቺካጎ ያለው የሉድሎ ኩባንያ በ1924 «ሉድሎ ብላክ»ን አወጣ። የሠራው ሮበርት ሀንተር ሚድልተን ነው። በ1925 ደግሞ የላንስተን ሞኖታይፕ ኩባንያ «ጉዲ ሄቪፌስ» የሚባል አወጣ።

ጉዲ! አስተማሪው። ኩባንያው የኩፐር ብላክን ገበያ የሚሻማ ፊደል ፈልጎ ነበር፤ የጠየቀውም የኩፐርን መምህር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ልቤን የሚነካኝ ነገር አለ። የጉዲ ሥራ የጎበዝ ሰው ሥራ ነው፤ ጠርዙ ሸካራ፣ ቅርጹ ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ነው። ግን ከውስጥ የመጣ አይመስልም። ኩፐር አሥራ ምናምን ዓመት ለደንበኞች በእጁ ርዕስ ሲጽፍ ኖሮ ነው እዚያ የደረሰው። ልስላሴው ከእጅ ልማድ የወጣ ነው። በትዕዛዝ የተሠራው ፊደል ውጤቱን ይዟል፤ መንገዱን ግን አልሄደበትም።

እነዚህ ሁሉ ሲወጡ ኩፐር ብዙ ማድረግ አይችልም ነበር። አሜሪካ ውስጥ የፊደል ቅርጽ በቅጂ መብት አይጠበቅም። በ1978 ኤልትራ ከሪንገር በተባለው ክርክርም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ይሄንኑ አጽንቷል። የዲዛይን ፓተንት የሚባል መንገድ አለ፤ ግን እሱም ቢሆን ስልቱን ይዞ ትንሽ ለየት ያለ የሚሠራን ሰው አያስቆምም። ስለዚህ ኩፐር የፈጠረው ስልት በጥቂት ዓመት ውስጥ የሁሉም ሆነ።

ከዚያ ፋሽኑ ተለወጠ። በ1927 ጀርመን ውስጥ የፓውል ሬነር ፉቱራ ወጣ። ሰሪፍ የሌለው፣ በኮምፓስ የተሣለ የሚመስል ፊደል ነው። ዘመናዊ ማለት እሱ ሆነ። የኢኮኖሚ ድቀቱም ተከተለ። ኩፐር በ1940 በ61 ዓመቱ ሲሞት፣ ኩፐር ብላክ በየማተሚያ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለ የትናንት ፊደል ነበር።

ፊልም፣ ተለጣፊ፣ ቲሸርት

የመመለሱን ምክንያት ብዙዎች በ1960ዎቹ ወጣቶች ጣዕም ያብራሩታል። እኔ ከማሽኑ ነው የምጀምረው።

የፎቶ ፊደል አለቀማ ሲመጣ ፊደል ብረት መሆኑ ቀረ። ብርሃን በፊደሉ ምስል ውስጥ አልፎ ፎቶ ወረቀት ላይ ያርፋል። ብረት ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ ጡብ ነው፤ ከጡቡ ወሰን በላይ ማቀራረብ አይቻልም። በፎቶ ግን ዲዛይነሩ ፊደሎቹን እስኪነካኩ ማስጠጋት ቻለ። ኩፐር ብላክን ስታስጠጉት ጉድ ይሆናል። ድቡልቡል ጎኖቹ እርስ በርስ ይሳሳማሉ። አጫጭር ክንዶቹ ደግሞ መስመሮቹን ላይና ታች ለመደራረብ ያመቻሉ። ቃሉ አንድ ወጥ ቅርጽ ይሆናል፤ ሎጎ ይሆናል። ኩፐር ይሄን አላየም። ፊደሉ ግን የጠበቀው ይመስላል።

ሌላም አለ። የፎቶ ሂደት ሹል ጥግ አይወድም። ብርሃኑ ትንሽ ይሰራጫል፣ ትኩረቱ ትንሽ ይስታል፣ ጥጉ ይደበዝዛል። ባለ ሹል ፊደሎች ፎቶ ላይ ሲሄዱ ደንዝዘው ወጡ። ኩፐር ብላክ ምን ያጣል? በ1920ዎቹ ቀለም ላይ የሆነው እዚህም ተደገመ። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ላይም እንደዚሁ። ምስሉ ድብዝዝ ባለበት ስክሪን ላይ ወፍራምና ለስላሳ ፊደል ይነበባል።

ሌትራሴት የተባለው የለንደን ኩባንያ በ1959 ተመሠረተ። በጀርባው ሲፈተግ ወረቀት ላይ የሚጣበቅ ፊደል ይሸጥ ነበር። ማተሚያ ቤት የማያውቅ ተማሪ ሳይቀር ጠረጴዛው ላይ ፖስተር መሥራት ቻለ። ኩፐር ብላክም እዚያ ነበር። በ1966 ቢች ቦይስ የተባሉት የአሜሪካ ሙዚቀኞች «ፔት ሳውንድስ» የሚለውን አልበም ሲያወጡ የሽፋኑ ጽሑፍ በኩፐር ብላክ ነው፤ አረንጓዴ መደብ ላይ ተጠጋግቶ የተቀመጠ። በ1970ዎቹ ደግሞ በካውያ ቲሸርት ላይ የሚለጠፉ ፊደሎች ፋሽን ሆኑ። ተለጣፊ ነገር መላጥ የሚጀምረው ከጥጉ ነው። ጥግ የሌለው ፊደል ይበልጥ ይቆያል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቅርጽ ማን ያመጣል?

የድሮነቱ ነገር

እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ ይሄን ፊደል የ1960ዎቹ ልጅ አድርጌ ነበር የማስበው። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ነገሩ ሲገለጥልኝ ስለ ቪንቴጅ፣ ስለ ድሮ መልክ፣ ያለኝ አመለካከት ተለወጠ።

በ1922 ኩፐር ብላክ ማንንም ምንም አላስታወሰም። አዲስ ነበር። ወግ አጥባቂዎቹን ያስፈራውም አዲስነቱ ነው። በ1966 ለአንዳንዶች የአያቶች ዘመን ማስታወቂያ ነበር፤ ለወጣቶቹ ግን ራሱ አዲስ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስናየው የሚመጣብን 1922 አይደለም፤ የ1970ዎቹ ቲሸርትና የሸክላ ሽፋን ነው። የድሮ ጣዕሙን የሰጡት የተጠቀሙበት ሰዎች ናቸው።

ይሄ ለዲዛይነር ተግባራዊ ነገር ነው። ደንበኛ መጥቶ «ቪንቴጅ የሆነ፣ ደመቅ ያለ፣ ጌጥ ያለው ፊደል እፈልጋለሁ» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው «የትኛው ድሮ?» ነው። የ1920ዎቹን ጋዜጣ ፈልጎ ከሆነ ኩፐር ብላክ እውነተኛ መልስ ነው፤ ግን ተመልካቹ 1970ዎቹን ነው የሚያነበው። ታሪክ ትክክል መሆኑ ብቻውን አያድንም። ከዙሪያው ያለው ቀለም፣ ክፍተትና ሥዕል ወደሚፈለገው ዘመን መጎተት አለበት። ፊደሎቹን ፈታ አድርጎ ከቀጭን መስመርና ከአንድ ቀለም ጋር ካስቀመጡት ወደ ኋላ ይሄዳል። ካጠጋጉትና ብርቱካን ላይ ከጣሉት ወደ 1970ዎቹ ይመጣል።

ከዘመን ነጻ ሆኖ የሠራበት ቦታም አለ። ኢዚጄት በ1995 ሥራ ሲጀምር ስሙን በነጭ ኩፐር ብላክ ብርቱካናማ ላይ ጻፈ። ርካሽ በረራ የሚሸጥ ድርጅት ነው። አየር መንገዶች በወቅቱ ቀጥ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ፊደል ነበር የሚወዱት። ይሄኛው «ና ግባ፣ አትፍራ» የሚል ድምፅ ይዞ መጣ። ማንም አይቶት ስለ ድሮ አያስብም። የሚያስበው ስለ ዋጋው ነው።

የቀጠን ያለው ወንድም፣ የኩፐር ኦልድስታይል፣ ስልትም ከረጅም እንቅልፍ ነቅቷል። በ2017 ቾባኒ የተባለው የአሜሪካ እርጎ አምራች መልኩን ሲቀይር ለስላሳ ጫፍ ያለው ሰሪፍ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው የምግብና የመዋቢያ እሽግ በዚህ ስልት ተሞልቷል። ሰው ከቀጥ ያለው፣ ሰሪፍ ከሌለው ፊደል ዕረፍት ፈልጎ ነበር።

የት አልጠቀምበትም

ለአንቀጽ በፍጹም። ትንሽ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ ያ ሁሉ የነጩ ሥራ ይጠፋል። እኔ መጠኑን ከ24 ነጥብ (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) በታች አላወርደውም። ስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ከዚያም ከፍ አደርገዋለሁ።

ሁሉንም በትልልቅ ፊደል መጻፍም አልወድም። የኩፐር ብላክ ፀባይ ያለው ትንንሾቹ ላይ ነው፤ «ኤ»ው፣ «ጂ»ው፣ ሞላላ ነጥቦቹ። ትልልቆቹ ብቻቸውን ሲሰለፉ ሰፋፊና ከባድ ይሆናሉ፣ ያ ሳቅ ይጠፋል። ጥላና የጠርዝ መስመር ከተጨመረበት ደግሞ በጎረሰ አፍ ላይ ማጉረስ ነው። ፊደሉ ራሱ ይበቃዋል።

ከሁሉ በላይ ግን የኮምፒውተሩን የቦልድ ቁልፍ እንዳትጫኑበት። ኩፐር ብላክ ከዚህ በላይ የሚወፍር ወንድም የለውም። ቁልፉን ስትጫኑ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ጠርዙን ዙሪያውን ያሳብጠዋል። ልዩነቱን ማየት ከፈለጋችሁ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ አንዱን እንዳለ ተዉት፣ ሌላውን አሳብጡት። ከዚያ የሁለቱን «ኦ» በትልቁ ከፍታችሁ ውስጡን ተመልከቱ። በአንደኛው ቀዳዳው አሁንም እንደተንጋለለ ተቀምጧል። በሁለተኛው ወደ ቀጭን ስንጥቅ ተጨቁኗል፤ ጋደል ማለቱም አይለይም።